ባዮሎጂን በዲግሪ ደረጃ እንዴት እናጥና? ከመጀመሪያው ሰሚስተር እስከ መመረቂያ ጽሑፍ

ባዮሎጂን የሚመርጡ ብዙ ተማሪዎች አንድ ስሌት ይዘው ነው የሚመጡት። ፊዚክስ ይከብዳል፣ ሒሳብ ያስፈራል፣ ባዮሎጂ ግን ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል። ከዚያ ሰሚስተሩ ይጀመርና ኬሚስትሪ፣ ሒሳብና ስታቲስቲክስ ተሰልፈው ይቀበሏቸዋል። ሁለተኛ ደረጃን በሽምደዳ አንደኛ እየወጣ የጨረሰ ልጅ ከመጀመሪያው ሚድ ኤግዛም ግራ ተጋብቶ ይወጣል። ፈተናው «ሚቶኮንድሪያ ምንድን ነው?» አላለውማ። «የሚቶኮንድሪያ የውስጠኛው ሽፋን ፕሮቶን ማፍሰስ ቢጀምር የኦክስጅን ፍጆታው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ለምን?» ነው ያለው።

ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ዲግሪውን ከምዝገባ እስከ መመረቂያ ጽሑፍ ይከተላል። ብዙ ምክር አለው፤ ሁሉም ግን ከአንድ ጥያቄ ነው የሚነሳው፦ ይህ ነገር እንዴት ታወቀ? ይህን ጥያቄ የለመደ ተማሪ የሚሸመድደው ነገር ይቀንስለታል። የቀረውም በቀላሉ አይጠፋበትም።

ደረጃ 1፦ ከመመዝገባችሁ በፊት የኮርስ ዝርዝሩን አንብቡ

«ባዮሎጂ» የተባለ ዲግሪ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ትምህርት ክፍል ዕፅዋትን፣ እንስሳትንና ኢኮሎጂን ያበዛል። ሌላው ወደ ሴልና ሞለኪውል ያደላል። ስሙን ተዉትና ዝርዝሩን እዩ። በሳምንት ስንት ሰዓት ላብ (የላቦራቶሪ ሥራ) አለ? የመስክ ሥራስ? ስታቲስቲክስ በየትኛው ዓመት ይሰጣል? በመጨረሻው ዓመት ተማሪው የራሱን ምርምር ይሠራል ወይ? ላብ የሌለው የባዮሎጂ ትምህርት ውሃ ሳይነኩ ዋና መማር ነው። ምርጫ ካላችሁ ላብ የሚበዛበትን ያዙ።

ሐሳባችሁ ሕክምና ከሆነ ደግሞ የምትማሩበትን አገር አሠራር ቀድማችሁ አጣሩ። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ሕክምና በአብዛኛው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው የሚገባው። በብዙ ሌሎች አገሮች ግን ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ይገባል። እዚያ ባዮሎጂ ማጥናት መንገዱን ሊያረዝምባችሁ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ኬሚስትሪውን አታሳድሩት

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ባዮኬሚስትሪ ላይ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ችግሩ ባዮኬሚስትሪው አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ኬሚስትሪ «በኋላ እደርስበታለሁ» ተብሎ ስለታለፈ ነው። ሁሉን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። የኮቫለንትና የሃይድሮጂን ቦንድ ልዩነት፣ የውሃ ፖላርነት፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)፣ ዋና ዋናዎቹ ፈንክሽናል ግሩፖች፣ ኃይል በአንድ ሪአክሽን ውስጥ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፦ እነዚህን ግን ሳትይዙ አትለፉ።

ፒኤችን እንውሰድ። የሰው ደም ፒኤች በጤና ጊዜ ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ወደ 7.1 ወረደ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ስኬሉ ግን የሎጋሪዝም ስለሆነ ከ7.4 ወደ 7.1 ሲወርድ የሃይድሮጂን አዮኑ መጠን እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ ሳንባና ኩላሊት ለምን እንደዚያ እንደሚጠነቀቁ አይጠፋውም።

የሴል ሽፋንም እንደዚሁ ነው። ሽፋኑን የሚሠራው ሞለኪውል ፎስፎሊፒድ ይባላል፤ ጭራው ውሃን ይሸሻል፣ የራስ ክፍሉ ግን ውሃን ይወዳል። ከዚህ ተነስታችሁ ኦክስጅን ለምን እንደልቡ እንደሚያልፍ፣ ሶዲየም አዮን ግን ለምን የፕሮቲን በር እንደሚያስፈልገው ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። ነርቭ፣ ኩላሊትና አንጀት የሚባሉት ምዕራፎች ሲመጡ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ደረጃ 3፦ ወደ ምዕራፉ በሙከራው በኩል ግቡ

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ትንሽ እንቆይበት።

መማሪያ መጽሐፍ መደምደሚያውን ነው የሚነግራችሁ። «ዲኤንኤ ሲባዛ እያንዳንዱ አዲስ ሞለኪውል አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ገመድ ይይዛል» ይላል። ከታች በኩል ሁለት ስም፣ አንድ ዓመተ ምሕረትና አንድ ሥዕል ይኖራል። አብዛኛው ተማሪ መደምደሚያውን አስምሮበት ሥዕሉን ይዘለዋል። እናንተ ከሥዕሉ ጀምሩ።

ለእያንዳንዱ ትልቅ ሙከራ አንድ ገጽ ወረቀት መድቡና አራት ነገር ጻፉበት። ጥያቄው ምን ነበር? የሚፎካከሩት መልሶች እነማን ናቸው? እያንዳንዱ መልስ እውነት ቢሆን ምን መታየት አለበት? በመጨረሻ ምን ታየ?

ነገር በምሳሌ ነውና ይህንኑ የዲኤንኤ ጉዳይ እንሞክረው። ዋትሰንና ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 የዲኤንኤን ቅርጽ አቀረቡ። ቅርጹ እንዴት እንደሚባዛ ፍንጭ ይሰጣል፤ ፍንጭ ግን ማስረጃ አይደለም። ሦስት አማራጭ ነበር። አንደኛ፣ አሮጌው ሞለኪውል እንዳለ ይቀርና ሙሉ በሙሉ አዲስ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ገመዶች ይለያዩና እያንዳንዱ አዲስ ጓደኛ ያገኛል። ሦስተኛ፣ አሮጌና አዲስ ቁርጥራጭ በየገመዱ ይደባለቃል።

ሜሰልሰንና ስታል የተባሉ ተመራማሪዎች ባክቴሪያን ለብዙ ትውልድ ከባድ በሆነው ናይትሮጂን 15 አሳደጉ። ከዚያ ወደ ተራው ናይትሮጂን 14 አዛወሩት። በየትውልዱ ዲኤንኤውን አውጥተው በሲዚየም ክሎራይድ ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት በማሽከርከር በእፍጋቱ ለዩት። እዚህ ላይ መጽሐፉን ሸፍኑትና ራሳችሁን ጠይቁ፦ የመጀመሪያው መልስ ትክክል ቢሆን ከአንድ ትውልድ በኋላ ስንት መስመር ይታያል? ሁለት፣ አንድ ከባድና አንድ ቀላል። የታየው ግን አንድ መካከለኛ መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ ወደቀ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ሁለቱም አሁንም ቆመዋል። የሚለያቸው ቀጣዩ ትውልድ ነው። ቁርጥራጩ ተደባልቆ ቢሆን ኖሮ አሁንም አንድ መስመር፣ ትንሽ ቀለል ብሎ ይታይ ነበር። የታየው ሁለት መስመር ነው፤ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ቀላል። እ.ኤ.አ. በ1958 የታተመው ይህ ሥራ ጉዳዩን የዘጋው እንዲህ ነው።

ይህን አንዴ ራሱ የሠራ ተማሪ «ከሦስት ትውልድ በኋላስ?» ቢባል ሒሳቡን እዚያው ይሠራዋል። የሸመደደው ልጅ ግን መጽሐፉ ሁለት ትውልድ ላይ ስለቆመ እሱም እዚያው ይቆማል። በዚሁ መንገድ የዘር መረጃ የሚይዘው ዲኤንኤ ነው ወደሚለው ያደረሱትን ሙከራዎች፣ ግሪፊዝን (1928)፣ ኤቨሪንና ባልደረቦቹን (1944)፣ ኸርሺንና ቼዝን (1952) አከታትላችሁ ሥሩ። እንደ አንድ ክርክር አንብቧቸው። እያንዳንዱ ቀድሞ ከነበረው የተረፈውን ጥርጣሬ ነው የሚያነሳው።

በሳምንት አንድ ሙከራ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከሞከራችሁ ትሰለቹና ትተዉታላችሁ።

ደረጃ 4፦ መሸምደድ ያለበትን በዘዴ ሸምድዱ

ሽምደዳ ጨርሶ አይቀርም። ሃያዎቹን አሚኖ አሲዶች፣ የሴል ክፍፍል ደረጃዎችን፣ የአጥንትና የነርቭ ስሞችን ማንም አያመልጣቸውም። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው።

ደጋግሞ ማንበብ ያታልላል። ገጹ ሲለመድ የገባን ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት ነገር አለ። አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ አመጡ። ከሁለት ቀንና ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት አንዴ አንብበው ከዚያ በቃላቸው ለማስታወስ የሞከሩት ናቸው። ፈተና ዋዜማ የሚደረግ ችከላ የሚሠራ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ለነገ ጠዋት ይሠራል። ለፋይናልና ለሚቀጥለው ዓመት ግን ባዶ እጅ ያስቀራል።

ስለዚህ ከሌክቸር በኋላ፣ በዚያው ቀን፣ ደብተራችሁን ዝጉና ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን ጻፉ። የክሬብስ ዑደትን ከሆነ ሳሉት። አያምርም፣ ችግር የለም። የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ድገሙት፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያ ከወር በኋላ። ቀኑን ራሳችሁ መቁጠር ካታከታችሁ እንደ አንኪ ያለ የካርድ መተግበሪያ ይቆጥርላችኋል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ካርዶቹን ራሳችሁ ሥሩ። ከጓደኛ ተቀብሎ ሺህ ካርድ ማገላበጥ ሰው ያነበበውን መጽሐፍ እንደ ራስ ንባብ መቁጠር ነው።

ደረጃ 5፦ ላብ ከመግባታችሁ በፊት አስቡበት

ላብ ውስጥ ሦስት ዓይነት ተማሪ አለ። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይመዘግባል፣ አንዱ ስልኩን ያያል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ግሬድ ያገኙ ይሆናል። በመጨረሻው ዓመት ግን ማን ምን እንደነበረ ይታያል። ስለዚህ ፒፔቱን ያዙት። ተራችሁን ጠይቁ።

የሥራ መመሪያውን ቀድማችሁ አንብቡና በቀስት እያገናኛችሁ በአንድ ገጽ ሳሉት። እያንዳንዱ እርምጃ አጠገብ «ይህ ለምን?» ብላችሁ ጻፉ። መልሱን ካጣችሁት ለአስተማሪው የሚቀርብ ጥያቄ አገኛችሁ። በተለይ ኮንትሮሉን፣ ለማነጻጸሪያ የሚቀመጠውን፣ ፈልጉ። ኢንዛይም የሌለበት ቱቦ ለምን ተቀመጠ? ባክቴሪያ ያልተጨመረበት ሳህንስ? ኮንትሮሉን የማያውቅ ተማሪ ውጤቱን ሊያምንበት የሚችልበት ምክንያት የለውም።

ማይክሮፒፔት ላይ ሁለት ማቆሚያ አለ። ፈሳሽ ስትወስዱ መጀመሪያ እስከ አንደኛው ማቆሚያ ተጫኑ፣ ጫፉን ከፈሳሹ ገጽ ትንሽ ዝቅ አድርጉና አውራ ጣታችሁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ስታወጡ እስከ ሁለተኛው ተጫኑ። ብዙ ጀማሪ ሲወስድም እስከ ሁለተኛው ይጫናል፤ መጠኑ ይበዛበታል፣ ከዚያ ውጤቱ ለምን እንደተበላሸ ሲፈልግ ይውላል። ፈሳሽ የያዘ ፒፔት ጠረጴዛ ላይ ማጋደምም ነውር ነው። ፈሳሹ ወደ ውስጥ ይገባል።

የማቅጠን ስሌትን ቤት ተለማመዱ። አንድ ሚሊሊትር ባክቴሪያ ዘጠኝ ሚሊሊትር ውስጥ ስትጨምሩ 10 ጊዜ ቀጠነ። ስድስት ጊዜ ስትደጋግሙት አንድ ሚሊዮን ጊዜ ቀጠነ ማለት ነው። ከመጨረሻው ቱቦ 0.1 ሚሊሊትር ሳህን ላይ ዘርታችሁ በማግስቱ 85 ኮሎኒ (ከአንድ ባክቴሪያ የተራባ ክምችት) ብትቆጥሩ መጀመሪያ የነበረው 85 ሲባዛ በ10 ሲባዛ በአንድ ሚሊዮን ነው። በሚሊሊትር 850 ሚሊዮን። «ሲባዛ በ10» ከየት መጣ? የዘራችሁት አንድ ሙሉ ሚሊሊትር ስላልሆነ ነው። ፈተና ላይ የሚረሳው ይቺ ናት።

ማይክሮስኮፕ ላይ ሁልጊዜ ከዝቅተኛው ሌንስ ጀምሩ። ከዚያ በዓይን የሚታየው ክብ ስፋቱ ስንት እንደሆነ እወቁ። ክቡ 450 ማይክሮሜትር ቢሆንና ዘጠኝ ሴል ጎን ለጎን ቢሞላው አንዱ 50 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። መጠን ያልተጻፈበት ሥዕል ላብ ሪፖርት ላይ ዋጋ የለውም።

የላብ ደብተር በእስክሪብቶ ይጻፋል። ስሕተት በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም። ያልጠበቃችሁትን ውጤትም እንዳለ ጻፉት። የጓደኛን «የተስተካከለ» ቁጥር መገልበጥ ግን ትልቁ ነውር ነው። እንኳን ሌላው፣ ራሳችሁም ምን እንደሆነ የምታውቁበትን ዕድል ያጠፋል።

ደረጃ 6፦ ከቁጥር ጋር ታረቁ

ሜንደል እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው የአተር ሥራ የቆጠራ ሥራ ነው። በሁለተኛው ትውልድ 705 ሐምራዊና 224 ነጭ አበባ ያላቸው ተክሎች ቆጠረ። ይህ የሜንደል ሕግ የሚጠብቀው 3 ለ 1 ነው ወይ? በትክክል አይደለም። 3 ለ 1 ቢሆን ከ929 ተክሎች 696.75 እና 232.25 መሆን ነበረበት። ልዩነቱ 8.25 ነው። ይህ ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል ወይስ ሕጉ ስሕተት ነው?

ካይ ስኩዌር የሚባለው ፈተና ይህንኑ ይመልሳል። 8.25ን በራሱ አባዙና 68.06 ይመጣል። አንዴ ለ696.75፣ አንዴ ለ232.25 አካፍሉና ደምሩ። 0.39 ይሆናል። የ5 በመቶ መቁረጫው፣ ማለትም በአጋጣሚ ከመቶ አምስት ጊዜ ብቻ የሚታለፈው ቁጥር፣ ለሁለት ምድብ 3.84 ነው። 0.39 ከዚያ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ቁጥሩ ከ3 ለ 1 ጋር አይጋጭም። ልብ በሉ፣ «አረጋገጠ» አይባልም። ይህችን ልዩነት የያዘ ተማሪ ላብ ሪፖርቱ ከሌላው ተለይቶ ይታያል።

ካልኩሌተር ላይ አንዴ ሥሩት፣ ከዚያ ሶፍትዌር ልመዱ። አር ወይም ፓይተን፣ አንዱ ይበቃል። ኤክሴል ለመመዝገብ ጥሩ ነው፤ ግን ተጠንቀቁት። «ማርች1» የሚባለውን ጂን ወደ ቀን ይለውጠዋል። ችግሩ ብዙ ምርምር ውስጥ ስለገባ የሰው ጂኖችን ስም የሚያጸድቀው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 የጂኖቹን ስም መቀየሩን ይፋ አደረገ። ጂኑ ለሶፍትዌሩ ብሎ ስሙን ቀየረ ማለት ነው!

ደረጃ 7፦ የምርምር ጽሑፍ ማንበብ ልመዱ

ከሁለተኛ ዓመት ጀምራችሁ ሞክሩት። ከላይ ወደ ታች አታንብቡ። አጭር መግለጫውን አንብቡ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥዕሎቹና ግራፎቹ ሂዱ። ለእያንዳንዱ ግራፍ ደራሲዎቹ ያሉትን ሳታዩ የራሳችሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ የእነሱን አንብቡ። ሁለቱ ካልገጠሙ ወይ እናንተ አልገባችሁም፣ ወይ እነሱ ከዳታው በላይ ተናግረዋል። ሁለቱም ይከሰታል። መግቢያውን ተንትናችሁ ጊዜ አታጥፉ። ዘዴው ግን ሲያደናግራችሁ የምትመለሱበት ቦታ ነው።

ፐብሜድ በተባለው የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ፍለጋው በነጻ ነው። ለጀማሪ የዳሰሳ ጽሑፍ ይሻላል፤ የአንድ ርዕስ የብዙ ዓመት ሥራ በአንድ ቦታ ያገናኛል።

ደረጃ 8፦ ለፈተና «ቢሆንስ?» እያላችሁ ተዘጋጁ

ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን አሰባስቡ። መልሱን ለመያዝ ሳይሆን የጥያቄውን ዓይነት ለማወቅ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ነገር እየሰበራችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ይህ ኢንዛይም ባይኖር? ይህ ሽፋን ቢያፈስ?

መግቢያ ላይ ያነሳነውን ጥያቄ እንመልሰው። በውስጠኛው ሽፋን ላይ ያለው፣ ኦክስጅን የሚጠቀመው የኤሌክትሮን ሰንሰለት ፕሮቶን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ፕሮቶኑ ኤቲፒ ሲንቴዝ በተባለው ኢንዛይም በኩል ሲመለስ ኤቲፒ (ሴሉ ለኃይል የሚጠቀምበት ሞለኪውል) ይሠራል። በውጭ የተከማቸው ፕሮቶን ሰንሰለቱን መልሶ ይጫነዋል። ሽፋኑ ካፈሰሰ ጫናው ይነሳል። ስለዚህ ሰንሰለቱ ይፈጥናል፣ የኦክስጅን ፍጆታ ይጨምራል፣ ኤቲፒ ግን ይቀንሳል፣ ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ይህ የፈተና ወረቀት ወሬ ብቻ አይደለም። ዳይናይትሮፌኖል የሚባለው ኬሚካል ይህንኑ ያደርጋል። በ1930ዎቹ ለክብደት መቀነሻ ተሸጦ የሰውነት ሙቀታቸው ከልክ አልፎ የሞቱ ሰዎች አሉ።

በቡድን ማጥናት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ይስበር፣ ሌላው ይገምት፣ ሦስተኛው ይከራከር። አንድ ሰው ሀንድአውት እያነበበ ሌሎቹ የሚያዳምጡበት ቡድን ግን ጊዜ ማባከን ነው።

ደረጃ 9፦ ለመመረቂያ ጽሑፍ ትንሽ ጥያቄ ምረጡ

ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ አንድ ላብ ተጠጉ። ለአስተማሪ ስትጽፉ አጭር ይሁን። የትኛውን ሥራቸውን እንዳነበባችሁ፣ ምን እንደሳባችሁ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንዳላችሁ ብቻ። ዕቃ በማጠብ ብትጀምሩም አትናቁት። ሰዎች ሲሠሩ ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

ርዕስ ሲመረጥ ሁሉም ሰው አገር የሚያድን ነገር ያስባል። «የመድኃኒት ዕፅዋት በካንሰር ላይ ያላቸው ጥቅም» የአንድ ተማሪ ሥራ አይደለም። «የዚህ ተክል ጭማቂ በሁለት መጠን የዚህን ባክቴሪያ ዕድገት ይገታል ወይ?» ግን በአንድ ሰሚስተር ይሠራል።

ሙከራውን ከመጀመራችሁ በፊት ስንት ናሙና እንዳላችሁ በትክክል ቁጠሩ። ሦስት ተክል ይዛችሁ ከእያንዳንዱ አሥር ቅጠል ብትለኩ ናሙናችሁ ሠላሳ አይደለም፣ ሦስት ነው። የአንድ ተክል ቅጠሎች ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ይደግማል። ይህ ስሕተት በዲፌንስ (ጽሑፉን በመከላከያ) ቀን ላይ ሲነሳ ማስተካከያ የለውም፤ ዳታው አልቋልና። ስለዚህ የትንተና ዕቅዳችሁን አንድም ነገር ሳትለኩ ስታቲስቲክስ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

ሥራችሁ ሰው ወይም እንስሳ የሚነካ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ቀድሞ ይወጣል። ወራት ሊወስድ ስለሚችል ከሁሉ በፊት እሱን አስገቡ። ወረቀት ማብዛት ይመስላል፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1951 ሄንሪየታ ላክስ ከተባለች አሜሪካዊት የካንሰር ታማሚ ሳትጠየቅ የተወሰደው ሴል ዛሬም በየላቡ ይኖራል፤ ቤተሰቧ ግን ለብዙ ዓመት አያውቁም ነበር።

መጻፍ የሚጀመረው ከዘዴው ክፍል ነው፤ ሥራው እየተሠራ፣ ሳይረሳ። ከዚያ ውጤቱ፣ ከዚያ ውይይቱ። መግቢያው መጨረሻ ላይ ይምጣ። ዋናውን ዳታ ደግሞ እንደተመዘገበ ሳትነኩት በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ማስተካከልና ማጥራት በቅጂው ላይ ብቻ ይሁን።